የእናቴ ሳህን

መቱ መናኸሪያ ከሚኒባስ ስወርድ ቀድሞ የተቀበለኝ የተቀቀለ ጎደሬ ሽታ ነው። አንዲት ልጅ በሳፋ ሞልታ፣ በላስቲክ ሸፍና ትሸጣለች። እንፋሎቱ የረጠበ አፈር ይሸታል። ሁለት ፍሬ ልጣ ሰጠችኝና ጨውና ሚጥሚጣ የተቀላቀለበትን ዕቃ ከፈተች። ጨው ይቅርብኝ አልኳት። «ያለ ጨውማ ምኑ ይጣፍጣል፣ እትዬ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አይጣፍጥም። ሻንጣዬን በእግሮቼ መሃል አድርጌ እዚያው ያለ ጨው በላሁት። ያ ክረምት እንዳለ ትዝ አለኝ።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። እናቴ ከፋሲካ በኋላ ሞታ ነበር፤ እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ቤት ውስጥ የቀረነው ሦስት ሰዎች ነን። የቧንቧ ሠራተኛው አባቴ፣ ለአንድ የጎሬ ሰው የታጨችው እህቴ ሙሉ፣ እና እኔ።

ለቅሶው ላይ አልነበርኩም። እናቴን ሊቀብሩ ሲወጡ እኔን ጎረቤት ወስደው ዳቦ አስያዙኝ። ልጅ ለቅሶ አይቀመጥም ተባለ። በአጥሩ ቀዳዳ ግን እሰማ ነበር። ሴቶቹ ተራ በተራ እየተነሱ ሙሾ ያወርዳሉ፤ አንዷ ደግነቷን፣ አንዷ ፈትሏን፣ አንዷ መልኳን እያነሳች፣ ገሚሶቹ በአማርኛ፣ ገሚሶቹ በኦሮምኛ። ከመካከላቸው ቤታችንን ረግጠው የማያውቁ ነበሩ። እኔ የምላት ነገር ነበረኝ፤ እነሱ የማያውቁት፣ እኔ ብቻ የማውቀው። ማንም አልጠየቀኝም። ዳቦውን እንደያዝኩ ዋልኩ። ያን ቀን ያበሸቀኝ ነገር እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል።

የማውቀው ነገር ይህ ነበር፤ እናቴ ከእኔ ጋር ተኳርፋ ነው የሞተችው።

በመጨረሻው ዓመት እናቴ ከእኛ ጋር መብላት ተወች። ለእሷ ለብቻ በትንሽ ድስት ይሠራል። ጠርዟ ሰማያዊ የሆነች የብረት ሳህን ነበረቻት። በእሷ ታወጣና በርጩማዋን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ጀርባዋን ሰጥታን ትበላለች። በእኛ ቤት ለብቻው የሚበላ ያኮረፈ ሰው ነው። እኔ ራሴ ሳኮርፍ እንደዚያ ነበር የማደርገው። ስለዚህ እናቴ አኩርፋለች፣ ያስቀየምኳትም እኔ ነኝ አልኩ፤ የቤቱ ነዝናዛ እኔ ነበርኩና። አንድ ቀን ሰው ሳያየኝ ከድስቷ ቀመስኩ። ጨው የለውም። ሰው ምን ያህል ቢናደድ ነው ለራሱ ወጥ ጨው የሚነፍገው ብዬ ፈራሁ። ሙሉን ስጠይቃት ትንሽ አሟት ነው አለችኝ። አባቴን ስጠይቀው ሂጂ ተጫወቺ አለኝ። ልጅ አይነገረውም። ልጅ ግን ካልነገሩት ራሱ ለራሱ ይነግረዋል፣ ያውም የባሰውን።

ትምህርት ሊዘጋ ሲል የአማርኛ አስተማሪያችን ጋሽ ለማ ድርሰት ጻፉ አሉን። እኔ ስለ እናቴ ግጥም ጻፍኩ። ጋሽ ለማ ካነበቡት በኋላ አስቀሩኝና ቅዳሜ ሐጂ መጋዘን ነይ አሉኝ። የከተማዋ ጸሐፊዎች ክበብ የሚሰበሰበው እዚያ ነበር። ሐጂ ቡና ነጋዴ ናቸው። በክረምት መጋዘናቸው ባዶ ስለሚሆን ለክበቡ ይፈቅዱለታል፤ አዲሱ ቡና መግባት ሲጀምር ክበቡ ይበተናል። እንግዲህ መቱ ላይ ድርሰት የክረምት ሥራ ነበር፣ ቡና እስኪደርስ።

መጋዘኑ ጆንያና የከረመ ቡና ይሸታል። የታጠፈ ጆንያ ላይ እንቀመጣለን፤ አስተማሪዎች፣ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት የመጡ ተማሪዎች፣ አንድ ወፍራም ልብስ ሰፊ፣ አንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ። የሚያነብ ሰው ቡና የሚመዘንበት ትልቁ ሚዛን ላይ ይወጣል። መድረክ ስላልነበረ የተጀመረ ነገር ነው፣ ኋላ ወግ ሆነ። ልብስ ሰፊው ሲወጣ ዛሬ ከባድ ሥራ መጣ እያሉ ይቀልዱበታል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ምንም ስለማይሰማ አንባቢው እዚያው ሚዛኑ ላይ ቆሞ እስኪያባራ ይጠብቃል፤ እኛም አብረነው ዝም እንላለን። ሌላም ወግ ነበራቸው። ያነበበ ሰው አይናገርም። ሌሎቹ አስተያየት ሰጥተው እስኪጨርሱ ይሰማል እንጂ ላስረዳ፣ እንዲህ ለማለት ነው ማለት ነውር ነው። ሥራው ራሱ ይናገር ይሉ ነበር ጋሽ ለማ።

ከማንበቤ በፊት ጋሽ ለማ ግጥሙን በቀይ እስክሪብቶ አረሙልኝ። ወጧን ቀመስኩት፣ ጨው የለውም የሚሉትን ስንኞች ሰረዙ። ሐዘኑን ማጀት ያስገባዋል አሉኝ፤ በጨው ግጥም አይጻፍም። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ያውቃሉ ብዬ ተውኩት። የቀረው እንዲህ ብሎ የሚጀምረው ነው፦

እማዬ ለብቻሽ ሳህንሽን ይዘሽ፣
ፊትሽን አዙረሽ ግድግዳውን አይተሽ፣
ከእኛ ጋር እንዳትበይ ማነው የከለከለሽ?

ሚዛኑ ላይ ቆሜ ሳነብ በተንቀሳቀስኩ ቁጥር ብረቱ ይንቃጨል ነበር። ስጨርስ ልብስ ሰፊው በመሐረብ ዓይኑን ጠረገ። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ተነስቶ በዚህ ዕድሜ ይህን ያህል እውነት የደፈረ አላየሁም አለ። አንዲት ተማሪ ደግሞ ከተማው በሙሉ የሚደብቀውን ሕፃን ልጅ ተናገረችው አለች። ከዚያ ሁሉም ስለ በሽታው ያወሩ ጀመር። በዚያን ዘመን በሽታው ከተባለ ሌላ ስም አያስፈልገውም ነበር። ስለ እሱ የማያወራ ክበብ ክበብ አይባልም። በየግድግዳው የሚለጠፈው፣ በየማጉያው የሚነገረው ሁሉ ሳህን አትለዩባቸው፣ አብራችኋቸው ብሉ የሚል ነው። እኔ ይህን አላውቅም። የደፈርሽው እውነት ሲሉኝ እናቴ ከእኔ ጋር መኳረፏን ማለታቸው መሰለኝ። ባውቅስ ምን ልል ነበር? ያነበበ ሰው አይናገርም። ደግሞም እናቴን እያነሱ ሲያለቅሱላት ደስ ብሎኛል። ለቅሶ ያልተቀመጥኩት ልጅ ይኸው እኔ ለቅሶ አስቀመጥኩ።

የመጋዘኑን ቁልፍ የምትይዘው የሐጂ ታናሽ እህት እትዬ ሰዓዳ ነበረች። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ከሞተ ቆይቷል። እሷ ከመጋዘኑ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ብቻዋን ትኖራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ በሩን ከፍታ ደፉ ላይ ትቀመጥና እስከ መጨረሻው ታዳምጣለች፤ ሚዛኑ ላይ ግን ወጥታ አታውቅም። እርስዎ ስላት አንቺ በይኝ አለችኝ። ያን ቀን ሰው ሲበተን ክንዴን ያዘችና «ኮቱ፣ ኢንተለ ኮ» አለችኝ፤ ነይ ልጄ ማለቷ ነው። ክፍሏ ወስዳ የተቀቀለ ጎደሬ በአንድ ሳህን አቀረበች። ሥጋ ስላልሆነ አባቴ አይቆጣም ብዬ ተቀመጥኩ። እሷ ግን አልነካችውም። ታየኛለች።

«አብሬሽ ብበላ ቅር ይልሻል?» አለችኝ።

ትልቅ ሰው ልጅን እንዲህ ብሎ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። ቅር አይለኝም አልኳት። አንዱን ጎደሬ ጨው አስነክታ አጎረሰችኝና እሷም ከዚያው በላች። እኔም ለብቻዬ ነው የምበላው አለችኝ። ከማን ጋር ተኳርፈሽ ብላት ሳቀች፤ ሳቋ አልቆም ብሎ እንባዋ መጣ። ከሁሉም ጋር ነው አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከእሷ ጋር እበላለሁ። ስለ እናቴ የጠየቀኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። ቤታችን ውስጥ የእናቴ ስም ከተነሳ አባቴ ተነስቶ ይወጣል፣ ሙሉ ዕቃ ማጠብ ትጀምራለች። እትዬ ሰዓዳ ግን እንዴት ነበር የምትስቀው ትለኛለች። አፏን በእጇ ሸፍና ነው እላታለሁ። ስትናደድስ? ዝም ትላለች። ልብስ ስታጥብ ታንጎራጉራለች? አዎ፣ ስታሰጣ ግን ትተወዋለች። ይህን ጻፊው ትለኛለች። እጽፋለሁ፣ ቅዳሜ ሚዛኑ ላይ ወጥቼ አነባለሁ፣ ልብስ ሰፊው ያለቅሳል። ተማሪዎቹ የራሳቸውን መጻሕፍት ያውሱኛል። ከለቅሶ ያባረረኝ ከተማ ውስጥ የሚያዳምጠኝ ቤት አገኘሁ። ይህን አልክድም፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

አንድ ቀን እትዬ ሰዓዳ እሷም እየጻፈች መሆኑን ነገረችኝ። ግማሹ በኦሮምኛ፣ ግማሹ በአማርኛ ነው፤ እንደሚመጣልኝ ነው የምጽፈው አለችኝ። አሳዪኝ ስላት እምቢ አለች። አዲሱ ቡና ከመግባቱ በፊት ባለው በመጨረሻው ቅዳሜ ሚዛኑ ላይ እወጣለሁ፣ ያኔ ከሰው ጋር ትሰሚዋለሽ አለች። የአንቺን ባልሰማ አይታሰበኝም ነበር ስትለኝ ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ።

ነሐሴ ላይ ክበቡ ሁሩሙ ገበያ ሄዶ አነበበ። ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ጋሽ ለማ ማጉያውን ይዘው እናቷን በበሽታው ያጣች ጀግና ልጅ ብለው አስተዋወቁኝ። ምኑ ያስደንቀኛል? ሰው የሚሞተው ታሞ ነው። አነበብኩ። ማር ሻጮቹ ቆመው ሰሙኝ። ከፊት የነበረች ሴትዮ ሳህን የሚለይ ባል እጁን ይቁረጠው ብላ ረገመች፤ የሌላ ሰው ባል ያናደዳት መስሎኝ አዘንኩላት። ሌላዋ በኮባ ቅጠል ከነሰፈፉ ማር ቆርሳ እጄ ላይ አኖረችልኝ። ጣቶቼ እየተጣበቁ፣ እየኮራሁ ተመለስኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወሬው ከሚኒባሳችን ቀድሞ መቱ ገባ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና አባቴ የሰማው መጨረሻ ላይ ነው። በፊት ወንፊታችንን ትዋስ የነበረችው ጎረቤት መዋስ ተወች። ከአባቴ ጋር ምሳ ይበሉ የነበሩ የሥራ ባልደረቦቹ ሰበብ ያበዙ ጀመር። ገሚሱ ይፈራዋል፣ ገሚሱ ሚስቱን ያገለለ ጨካኝ ብሎ ይጠላዋል። ከዚያ ከጎሬ ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። ዝናብ አርሷቸው ገብተው የቀረበላቸውን ጠላ አልነኩም። የልጁ ቤተሰብ ሠርጉ ትንሽ ይቆይ ይላሉ፣ ልጅቷም ብትመረመር ይሻላል አሉ። አባቴ ምን ተገኘና ብሎ ሲጠይቅ ሁሩሙ ላይ የተሰማውን ነገሩት። ሙሉ የጠላ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ አባቴ ጠራኝ። ያነበብሽውን በይልኝ አለኝ። በቃሌ አልኩለት። ማነው የከለከለሽ የሚለው ላይ ስደርስ እጁን አነሳ።

«ሐኪም ነው የከለከላት» አለኝ። «ልቧን ነበር የታመመችው። ጨው እንዳትቀምስ ተብላ ነው።»

ታዲያ ለምን ፊቷን ታዞርብን ነበር አልኩት። የእኛ ወጥ ያምራታል፣ ካየችው ያስቸግራታል፣ ለዚያ ነው አለኝ። ከእኔ ጋር ተኳርፋ አልነበረም ስለው መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሙሉ ከጓዳ ሆና «በጨው?» አለች።

እናቴ አልተቀየመችኝም። ይህን ሳውቅ እጅግ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ንዴት ያዘኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ጀርባዋን እያየሁ ይቅርታ ስለምናት ኖሬያለሁ። ጨው የምትል አንዲት ቃል ከሁሉም አፍ ጠፋች? ኋላ ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ ያሉኝ ነበሩ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ብለው የተረቱብኝም አሉ። ያኔም አልተቀበልኩም፣ አሁንም አልቀበልም። እኔ ያየሁትን ጻፍኩ። ጨውን ከቤት ያስቀሩት እነሱ ናቸው፤ ከግጥሙ ያወጣው ቀይ እስክሪብቶ ነው።

በሽታው ምን እንደሆነ፣ ሰው ለምን ሳህን እንደሚለይ ያስረዳችኝ በዚያው ምሽት ሙሉ ናት። እየሰማኋት ያሰብኩት እናቴን ሳይሆን እትዬ ሰዓዳን ነው። አብሬሽ ብበላ ያለችኝ ለምን እንደሆነ ገባኝ። አባቴ ቅዳሜ ክበቡ ዘንድ ሄጄ እናገራለሁ ሲል ያ ቅዳሜ የእትዬ ሰዓዳ መሆኑ ትዝ አለኝና ለመንኩት። እሷ ታንብብ፣ ከእሷ በኋላ ተናገር አልኩት። ለምን እንደሆነ ግን ልነግረው አልቻልኩም፤ የእሷን ምስጢር በምን አፌ? የእህትሽ ነገር ሰዓት አይሰጥም አለኝ። እሱም እውነት አለው።

በዚያ ቅዳሜ እትዬ ሰዓዳ አዲስ ሻሽ አስራ፣ ወረቀቷን ጭኗ ላይ ዘርግታ ደፉ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሳያት ጠቀሰችኝ። ጋሽ ለማ ዛሬ አዲስ አንባቢ አለን ብለው ሊጀምሩ ሲሉ አባቴ እርጥብ ጃንጥላውን ይዞ ገባ። የምናገረው አለኝ አለ። የሚናገር ሰው የሚቆምበትን አሳዩት። አባቴ በሥራ ቦቲው ሚዛኑ ላይ ወጣ።

«ባለቤቴን የገደላት ልቧ ነው» አለ። «በሽታው አልነበረባትም። ሳህኗ የተለየው ጨው ስለተከለከለች ነው። ልጄ ሕፃን ናት፣ አልነገርናትም ነበር። የቤቴን ነገር እንዳወራችሁ ይህንንም ንገሩልኝ።»

ከዚያ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ «እሰይ፣ እንኳንም እሱ አልሆነ» አለ። እሰይ የምትለዋ ቃል ከጆንያ ጆንያ ዞረች። ልብስ ሰፊው አባቴን አቀፈው። ጋሽ ለማ ተመስገን፣ ተመስገን ይላሉ። ክረምቱን በሙሉ በሽታው አያሳፍርም፣ አብረን እንብላ ሲሉ የከረሙት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ስለሱ ግጥም ጽፈዋል፣ ድራማ ሠርተዋል፣ ሁሩሙ ድረስ ማጉያ ተሸክመዋል። የአንዲት የሞተች ሴት ስም ከበሽታው ነጻ ሲወጣ ግን ሸክም የወረደላቸው መሰሉ። ተጨባብጠው፣ ተሳስቀው አባቴን አሞገሱት። ወደ በሩ የተመለከትኩ እኔ ብቻ ነበርኩ።

እትዬ ሰዓዳ ወረቀቷን አጠፈችው። እንደገና አጠፈችውና መቀነቷ ውስጥ ከተተችው። ጋሽ ለማ ዘግይተው ትዝ ሲላቸው ተራው የሰዓዳ ነው አሉ። የእኔ ገና አልደረሰም አለች፣ ፈገግ ብላ። ለምን ያላት ሰው የለም። ዝናቡ ሳይመጣ ልዝጋው ብላ ቁልፏን አቃጨለች፤ ሰዉም እየተሳሳቀ ወጣ።

የጎሬ ሽማግሌዎች ተመልሰው መጡ። በዚህኛው ጠላውን ጠጡ። ሙሉ ቀና ብላም ሳታያቸው ቀዳችላቸው፣ የሠርጉም ቀን ተቆረጠ። ጎረቤቷ ወንፊታችንን ለመዋስ መጣች።

አዲሱ ቡና መግባት ሲጀምር ወደ እትዬ ሰዓዳ ሄድኩ። መጋዘኑ ተከፍቶ ወዛደሮች ጆንያ ይሸከማሉ፤ እኛ የቆምንበት ሚዛን ላይ ቡና ይመዘናል። እሷ በሳቅ ተቀበለችኝ። እናትሽ አልተቀየመችሽም ማለት ነው፣ ደስ ይበልሽ አለችኝ። ከልቧ ነው ያለችው፤ ፊቷ ላይ አይቼዋለሁ። የጻፍሽውን አሁን ለእኔ ብቻ አንብቢልኝ አልኳት። የቱን አለችኝና ወደ ምድጃው ሄደች።

ጎደሬውን አውጥታ ላጠችው። ከዚያ ሁለት ሳህን አነሳች። አንዱን ሞልታ ጨውና ሚጥሚጣውን ጥጉ ላይ አድርጋ ፊቴ አስቀመጠችልኝ። አንዱ ይበቃን የለ አልኳት። አባትሽ ቢሰማ ደስ አይለውም አለችኝ። እጄን ወደ እሷ ሳህን ስሰድ ቀስ ብላ አራቀችው። በርጩማዋን ይዛ ወደ በሩ ሄደች፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ ቡናው ሲመዘን እያየች ተቀመጠች።

«ብይ፣ ኢንተለ ኮ» አለችኝ ሳትዞር። «የአንቺ ጨው አለው።»